ትንሽ ነገር አለ፣ ቶሎ ና

ይህን ለመጻፍ ስነሳ ደጋግሜ ራሴን ጠየቅሁ። እውነት ይህ ለሰው የሚነገር ታሪክ ነው? በዚያ ሰሞን በእኛ አገር ስንቱ ቤቱን ጥሎ ተሰዷል፣ ስንቱ የወለደውን ቀብሯል። እኔ የማወራችሁ ስለ አንድ የስልክ ጥሪ ነው። የመኝታ ክፍል ጓደኛዬ እንኳ ነገሩን ስነግራት «እና ምኑ ይጻፋል?» አለችኝ። ምናልባት ልክ ናት። አንብባችሁ ስትጨርሱ እናንተም እንደ እሷ ካላችሁ አልቀየማችሁም።

እንድጽፈው ያደረገኝ ግን አንድ ጥያቄ ነው። ዘንድሮ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ነኝ። ስለ ሥራ ቦታ ተግባቦት የሚያስተምረን መምህር ባለፈው ሰሞን ሰሌዳው ላይ «መልእክት ግልጽ፣ አጭር፣ የተሟላና ጨዋነት ያለው መሆን አለበት» ብሎ ጻፈና ወደ እኛ ዞረ። «ግልጽነትና ጨዋነት ሲጋጩብን የቱን እናስቀድም? መጽሐፉን ተዉትና ከራሳችሁ ሕይወት ምሳሌ ስጡኝ» አለ። እኔ አብዛኛውን ጊዜ ቀድሜ እጄን የማወጣ ተማሪ ነኝ። መምህር ሲደሰትብኝ ደስ ይለኛል። ያን ቀን ግን እጄ ከጠረጴዛው አልነሳ አለ። የጋሼ ሰይድ ነጭ ኮፍያ ዓይኔ ላይ መጣብኝ።

በዚያን ጊዜ፣ በ2014 ዓ.ም መግቢያ፣ የምኖረው ከእናቴ ጋር ሐይቅ ከተማ ነበር። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተናችን በጦርነቱ ምክንያት ሲራዘም ሲራዘም ቤት መቀመጥ ሰለቸኝና በሐይቁ ዳር ባለው የዓሣ አስጋሪዎች ማኅበር በጸሐፊነት ተቀጠርኩ። ማኅበሩ ለውጡ በመጣ ሰሞን ወጣቱ ይደራጅ ሲባል የተቋቋመ ነው። ያለው አንድ ክፍል ቢሮ፣ አንድ ትልቅ ማቀዝቀዣ፣ ሁለት ባለሞተር ጀልባና አንዲት ነጭ ፒክአፕ ነበር። ጠዋት ጠዋት ከሐይቁ የወጣው ቆሮሶ ዓሣ በፒክአፗ ተጭኖ ደሴ ላሉ ሆቴሎች ይሄዳል።

ሥራ አስኪያጃችን ጋሽ ተሾመ ይባላሉ። ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ሲናገሩ ሰምቼ አላውቅም። ሥራ በጀመርኩበት ሳምንት ስልክ አነጋገር ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። «ስልክ ስታነሽ መጀመሪያ ሰላምታ ነው» አሉኝ። «ከሰላምታ ቀጥሎ ቤተሰብ፣ ከቤተሰብ ቀጥሎ ከብትና ዝናብ። ጉዳዩን አንች አትጎትችው፣ ራሱ ይመጣል።» እኔም እንዳሉኝ አደርግ ነበር። ደንበኞች «ተሾመ የት አግኝቶ ነው ይህችን ጨዋ ልጅ?» ይሉ ነበር፤ ይህን በሰማሁ ቁጥር ቀኑን ሙሉ ሆዴ ይሞቃል።

ጋሼ ሰይድ ደግሞ ሹፌራችን ናቸው። እድሜያቸው ወደ ሃምሳ ይጠጋል፤ ያለ ቀልድ አንድ ዓረፍተ ነገር አይጨርሱም። ባለቤታቸው ሞሚና፣ ትናንሾቹ ልጆቻቸውና አሮጊት እናታቸው የሚኖሩት ከሐይቅ ወደ ላይ፣ ውጫሌ ሳይደረስ፣ አምባሰል ውስጥ ባለ መንደር ነው። ትልቋ ልጃቸው ዘሃራ ጅዳ ሰው ቤት ትሠራለች። ጋሼ ሰይድ ሰላም የሚያጡት ስለ ሁለት ሰዎች ሲያስቡ ብቻ ነበር፤ ስለ እናታቸው ጤናና ስለ ዘሃራ። ስልካቸው ባልተለመደ ሰዓት ከጠራ ሳያነሱት በፊት «ያ ረቢ» ይላሉ።

ነገሩ የሆነው ጥቅምት ውስጥ ነው። የከባድ መሣሪያው ድምፅ ከሰሜን በኩል ከተሰማ ሰንብቷል። መጀመሪያ ነጎድጓድ ይመስል ነበር፤ በኋላ ግን የቢሮው መስኮት መርገፍገፍ ጀመረ። ያን ቀን ጠዋት ጋሼ ሰይድ ዓሣውን ጭነው ወደ ደሴ ከሄዱ በኋላ የማኅበሩ ኮሚቴ ተሰበሰበ። ስብሰባው አጭር ነበር። ሥራው ይቆማል፣ ሠራተኛው ይሰናበታል፣ መረቡ፣ የጀልባ ሞተሮቹና ማቀዝቀዣው በፒክአፗ ተጭነው ደሴ ይገባሉ፣ መኪናዋም እዚያው ለኅብረት ሥራ ቢሮ ተሰጥታ ትቆማለች ተባለ። ሹፌሩም እንደ ሌላው ሠራተኛ ይሰናበታል ማለት ነው።

ጋሽ ተሾመ ስልካቸውን አወጡ። እኔ ጎናቸው ቆሜ መዝገቦችን በገመድ አስር ነበር።

«ሰይድ፣ እንደምን ዋልክ ወንድሜ። ደህና ነህ? መንገዱ እንዴት ነው? ሆቴሎቹ ተቀበሉህ? እሰይ። እሰይ። ስማኝማ፣ ምንም የለም፣ አብሽር፤ ትንሽ ነገር ስላለ ሥራህን ተወውና ቶሎ ና። ኧረ ምንም አይደል፣ ስትመጣ እንነጋገራለን። በርታ፣ ቀስ ብለህ ንዳ።»

ኔትወርኩ ተቆረጠ። ጋሽ ተሾመ ስልኩን ኪሳቸው ከተው ተነፈሱ። «መሪ ይዞ የሚውል ሰው እንጀራህ ተቆረጠ ይባላል? መጥቶ ውሃ ይጠጣ፣ ቁጭ ይበል፣ ያኔ ይነገረዋል» አሉኝ። እኔም ራሴን ነቀነቅሁ። ከሰማሁት ንግግር ሁሉ ደግነቱ ነበር የታየኝ። በእኛ አገር ያደገ ሰው ሁሉ እንዲሁ ነበር የሚናገረው።

ከደሴ ሐይቅ ሩቅ አይደለም። ፒክአፗ ወደ ሐይቁ ስትታጠፍ እንድታገኘኝ ከቢሮ ወጥቼ አስፋልቱ ዳር፣ መታጠፊያው ላይ ቆምኩ። አስፋልቱ እንደ ገበያ ቀን ተጨናንቋል፤ ነገር ግን የሚስቅም የሚከራከርም የለም። ፍራሽ የተሸከሙ፣ በግ የሚጎትቱ፣ ሕፃን ያዘሉ ሰዎች ከላይ ወደ ታች ይወርዳሉ። ከታች ወደ ላይ የሚሄድ መኪና ብርቅ ሆኗል። ስለዚህ ነጯ ፒክአፕ ከደሴ በኩል ስትመጣ ከሩቅ ለየኋት። መንገዱ መሐል ገባ ብዬ እጄን አውለበለብኩ።

ፍጥነቷን አልቀነሰችም። ሰዎች ግራና ቀኝ ተበተኑ። ጋሼ ሰይድ በአጠገቤ ሲያልፉ አዩኝ፤ በእርግጠኝነት አይተውኛል፤ ቀኝ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው አንገታቸውን ሰበሩልኝ። ከዚያ ወደ ሐይቁ መታጠፋቸውን ትተው ቀጥ ብለው ወደ ላይ፣ ሕዝቡ ወደሚሸሽበት አቅጣጫ ነዱት።

አንድ ነገር ዓይኔ ውስጥ ቀርቶ ነበር። ጋሼ ሰይድ ሁልጊዜ የሚያደርጓት ሰማያዊ የሹፌር ቆብ ራሳቸው ላይ አልነበረችም። ያደረጉት መሪው ኋላ ባለች ኪስ ውስጥ አጥፈው የሚያስቀምጧትን ነጭ ኮፍያ ነው። ያችን ኮፍያ ለጁምዓ እንኳ አያደርጓትም። የሚያደርጓት ለጀናዛ ብቻ ነው።

ወደ ቢሮ ስሮጥ ጫማዬ አንዱ ወልቆ በእጄ ይዤው ነበር።

«ጋሼ፣ ማን ሞተ?» አልኳቸው።

ጋሽ ተሾመ ደነገጡ። «ማን ሞተ? ምን እያልሽ ነው?»

«ጋሼ ሰይድ ለቀብር እየሄዱ ነው። ነጯን ኮፍያ አድርገዋል። ሳይታጠፉ ወደ አገራቸው ነዱት።»

«እኔ መች ሞት አነሳሁ? አብሽር ነው ያልኩት። ትንሽ ነገር አለ ነው ያልኩት።»

«እሱ እኮ ነው ጋሼ» አልኩ።

ጋሽ ተሾመ ማቀዝቀዣው ላይ ተደግፈው ዓይናቸውን ጨፈኑ። ገብቷቸዋል። በእኛ ዘንድ ሰው ሲሞት በስልክ አይነገርም። «ትንሽ አሟት ነው፣ አትደንግጥ፣ ቶሎ ና» ይባላል። ሰውየው ሲደርስ ጎረቤት ቤት ያሳድሩታል፤ ንጋት ላይ ሽማግሌ ተሰብስቦ ያረዱታል። ጋሼ ሰይድ ይህን ያውቃሉ። ሐይቅ ቢቆሙ እኛ አስቀምጠን እንደምናሳድራቸው፣ ቀብሩ ደግሞ እሳቸውን እንደማይጠብቅ፣ ጀናዛ ሳይውል ሳያድር አፈር እንደሚገባ ያውቃሉ። ስለዚህ እኛን ዘለው ሄዱ። የሚሄዱበት ግን ከባድ መሣሪያው የሚያጓራበት ነው።

ጋሽ ተሾመ ደጋግመው ደወሉ። «የደወሉላቸውን ደንበኛ ማግኘት አይችሉም» ትላለች ሴትየዋ፤ ያችን ድምፅ እንደዚያን ቀን ጠልቻት አላውቅም። ከቢሮው ኋላ ባለችው ጉብታ ላይ ኔትወርክ ስለሚሻል ሁለታችን ወጣን። ከታች ሐይቁ ምንም እንዳልሆነ ሁሉ ተኝቷል፤ የእስጢፋኖስ ገዳም ዛፎች ውሃው ውስጥ ጥላቸውን ጥለዋል። ጀልባዎቹ ዳር ላይ ተገልብጠዋል። በዚያ ፀጥታ መሐል የመሣሪያው ድምፅ ሲመጣ ከመሬቱ ሥር የሚወጣ ይመስል ነበር።

በመጨረሻ ጠራ። ጋሽ ተሾመ እኔም እንድሰማ ድምፁን ከፍ አደረጉት።

«ሰይድ፣ ተሾመ ነኝ፣ እንደምን…»

«ጋሽ ተሾመ፣ ቀብሩ በስንት ሰዓት ነው? እሷን ብቻ ይንገሩኝ።»

«የምን ቀብር! ማንም አልሞተም። አብሽር።»

የሞተሩ ድምፅ ብቻ ተሰማ። ከዚያ ጋሼ ሰይድ በተሰበረ ድምፅ «እናቴ ናት ወይስ ዘሃራ?» አሉ።

«ኧረ ሰይድ፣ ማንም አልሞተም ስልህ። ሁሉም ደህና ነው።»

«እኔም ለአስጋሪያችን ለሐሰን አባቱ የሞቱ ጊዜ እንዲሁ ነው ያልኩት። ቃል በቃል። ማንም አልሞተም አብሽር ብዬ ነው ከኮምቦልቻ ያመጣሁት። አላህ ይስጥልኝ፣ ለእኔ አዝነው እንደሆነ አውቃለሁ። ግን እናቴ ከሆነች አፈሯን ላልብሳት…»

ተቆረጠ።

ጋሽ ተሾመ ስልኩን ቁልቁል አዩት። «እውነቱን ነገርኩት» አሉ፤ ለእኔ ሳይሆን ለራሳቸው። «እውነቱን ነው የነገርኩት።»

ያኔ የተሰማኝን ለማስረዳት እሞክራለሁ። ዕድሜ ልኬን ሰውን ላለማስከፋት ስጠነቀቅ የኖርኩ ልጅ ነኝ። ትልቅ ሰው ሲናገር አላቋርጥም፤ እንቢ የሚባል ቃል ከአፌ ወጥቶ አያውቅም። ያን ጊዜ ግን አንድ ነገር ቁልጭ ብሎ ታየኝ። «ማንም አልሞተም» የሚለው እውነት ቢሆንም ሰው የሞተበትን ሰው ስናባብል የምንለው እሱኑ ነው። ጋሼ ሰይድ ከእኛ ደግ ነገር ከሰሙ አያምኑም። የሚያምኑት ክፉ ነገር ከሰሙ ብቻ ነው። ክፉ ነገር ደግሞ ነበረን፤ ከጠዋት ጀምሮ ደብቀን ይዘነው ነበር።

«ጋሼ፣ ስልኩን ይስጡኝ» አልኩ።

«አንች ደግሞ ምን ልትይው?»

«ከሥራ መሰናበታቸውን ልነግራቸው።»

ጋሽ ተሾመ ፊታቸው ተለወጠ። «በስልክ? መሪ ይዞ? እናቴ ሞታለች ብሎ እያለቀሰ ላለ ሰው? ሐያት፣ አንች እንዲህ ነበርሽ?»

ያ «አንች እንዲህ ነበርሽ» የሚለው እስከ ዛሬ ጆሮዬ ውስጥ አለ። ግን እጄን አልመለስኩም።

«ደግ ደጉን ስንነግራቸው እኮ ነው የሄዱት» አልኩ።

ጋሽ ተሾመ ወደ ሰሜን ተመለከቱ። ጢስ ይታይ ነበር። ስልኩን ሰጡኝና ፊታቸውን አዞሩ።

ስደውል፣ ሲቆረጥ፣ ስደውል ቆየሁ። ሲነሳ ሰላምታ አላልኩም። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ለታላቄ ሰላም ሳልል ተናገርኩ።

«ጋሼ ሰይድ፣ ሐያት ነኝ። ከሥራ ተሰናብተዋል።»

«ምን?»

«ኮሚቴው ዛሬ ጠዋት ሥራውን አቁሟል። እርስዎም እኔም ሁላችንም ተሰናብተናል። የጠራንዎት መረቡንና ሞተሮቹን ጭነው ደሴ እንዲያደርሱ ነው። ከዚያ መኪናዋን አስረክበው ወደ ቤትዎ ይሄዳሉ። ጋሽ ተሾመ ይህን በስልክ መናገር ከብዷቸው ነው ትንሽ ነገር አለ ያሉዎት። ትንሹ ነገር ይኸው ነው። ስለ እናትዎ የሰማነው ነገር የለም። ስለ ዘሃራም የሰማነው የለም። የሰማነው መንገዱ ዛሬ ሊዘጋ እንደሚችል ነው።»

የሞተሩ ድምፅ ቆመ። መኪናዋን አቁመዋል ማለት ነው። መስመሩ ተቆርጦ ይሆን ብዬ ስልኩን ከጆሮዬ አንስቼ አየሁት። ከዚያ አንድ ድምፅ መጣ፤ ሳቅ ይሁን ለቅሶ አልለየሁትም።

«ሰው ለሞተበት ሰው ከሥራ ወጥተሃል የሚል የለም» አሉ ጋሼ ሰይድ። «አሁን አመንኩሽ።»

«የት ደርሰዋል?»

«ዳገቱ ሥር ነኝ። መንደሬ ይታየኛል።»

«ይመለሳሉ ወይስ…»

መስመሩ ጠፋ። ከዚያ በኋላ ብንደውልም ብንደውልም አልጠራም።

እንግዲህ የቀረውን ቀን እንዴት እንዳሳለፍነው ልንገራችሁ። ይመለሱ ወይም ወደ ቤታቸው ይውጡ አናውቅም። ጋሽ ተሾመ አላነጋገሩኝም። ከዓሣ አስጋሪዎቹ ጋር መረቡን ጠቅልለው፣ ሞተሮቹን በሸራ ሸፍነው በር ላይ ደረደሩ። እኔ ወደ አስፋልቱ ተመለስኩ። ከላይ የሚወርደውን መኪና ሁሉ እያስቆምኩ እጠይቃለሁ። አንዱ የአይሱዙ ሹፌር «ወደ ላይ የሚወጣ መኪና እየመለሱ ነው፤ ያንች ሰው ካለፈ አልፏል በይ» አለኝ። ሌላው «ነጭ ፒክአፕ መንገድ ዳር ቆማ አይቻለሁ፣ ሰው አልነበረባትም» አለ። ሰው የለባትም ማለት ምን ማለት ነው? ለምን እንዳልጠየቅሁት አላውቅም፤ ልጠይቀው ስል ሄዷል።

እናቴ ጨርቋን ጠቅልላ መጣች። «ተነሽ እንሂድ» አለች።

«መኪናዋ ትምጣና እማ።»

«ለሰው መኪና ብለን እኛ እንቅር?»

«ለመኪናዋ አይደለም። ጋሼ ሰይድ ይምጡና።»

እናቴ አጠገቤ ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። አልተቆጣችኝም። «ያልተመለሱ እንደሆነ አንች ገደልሽያቸው አይባልም» አለችኝ። ማንም እንደዚያ አላለኝም ነበር፤ እሷ ስትለው ግን የምፈራው እሱን እንደነበር ገባኝ። አመኑኝ፤ ግን አምነውኝ ምን አደረጉ? ማመናቸው ዘግይቶ ቢሆንስ?

ፀሐይ ወደ ተራራው ጫፍ ስትጠጋ ነጯ ፒክአፕ ከላይ መጣች። መጀመሪያ አላወቅኋትም። ቅርጿ ጠፍቷል፤ ኋላዋ በሰው ተሞልቶ ጎኗ ላይ ሳይቀር ሰው ተንጠልጥሏል። ሴቶች፣ ሕፃናት፣ አንድ በክራንች የሚሄድ ሽማግሌ፣ የታሰረች ፍየል። የዓሣ ሣጥኖቹ ላይ ልጆች ተደርድረው ተቀምጠዋል። ጋሼ ሰይድ መሪውን በሁለት እጃቸው ጨብጠው፣ ሰማያዊ ቆባቸውን አድርገው ይነዳሉ፤ ጎናቸው አንዲት ክስት ያሉ አሮጊት ተቀምጠዋል።

ጋሽ ተሾመ ከሐይቁ በኩል እየሮጡ ደረሱ። አሮጊቷ በመስኮቱ አንገታቸውን አውጥተው ከላይ እስከ ታች አዩዋቸው።

«የገደላችሁኝ እናንተ ናችሁ?» አሉ።

ጋሽ ተሾመ ባርኔጣቸውን አወለቁ። «እማማ ፋጡማ፣ ይቅር ይበሉኝ።»

«የምን ይቅርታ። ልጄ እያለቀሰ ከዳገቱ ሥር ሲመጣ እኔ ደጃፌ ላይ ቁጭ ብዬ ባቄላ እለቅማለሁ። የራሴን ለቅሶ አየሁት። አልቃሹ ግን አነሰብኝ።»

ኋላ የተጫኑት ሴቶች ሳቁ። በዚያ ቀን የሰማሁት የመጀመሪያው ሳቅ ነው።

ጋሼ ሰይድ ወርደው ወደ እኔ መጡ። የሚሉትን ፈርቼ መሬት መሬት አየሁ። «እንግዲህ ከሥራ ስለወጣሁ» አሉ፣ «ይህን ሁሉ ሰው ስጭን ፈቃድ የምጠይቀው አለቃ የለኝም ብዬ ነው።» ከዚያ ድምፃቸው ዝቅ አለ። «ዳገቱ ሥር መኪናዋን አቁሜ በእግሬ ሮጥኩ። እናቴን ዓይኗን እስካይ አንችንም ሙሉ በሙሉ አላመንኩም ነበር፣ አልዋሽሽም። ግን መንገዱ ሊዘጋ ነው ያልሽውን አመንኩ። ለዚህ ነው ቁጭ ብዬ ያላለቀስኩት፤ ገብቼ ተነሱ ያልኳቸው።»

ባለቤታቸው ሞሚና ከኋላ ሆና ልጇን እያጠባች «እኔስ እንኳንም ተሳሳታችሁ እላለሁ» አለች። «ባትሳሳቱ ኖሮ እሱ ሐይቅ ላይ መረብ ሲጭን እኛ እዚያው ቀርተን ነበር።»



ጋሽ ተሾመ የሞላችውን መኪና አዩ፤ ከዚያ በር ላይ የተደረደረውን መረብ፣ ሞተሮቹንና ማቀዝቀዣውን ወዳስቀመጡበት አቅጣጫ ዞሩ። የማኅበሩ ንብረት በሙሉ እሱ ነበር። ሁላችንም የሚናገሩትን ጠበቅን። እሳቸው ብዙ ሰላምታና ብዙ ማለሳለሻ እንደሚያስቀድሙ ስለማውቅ ረጅም ንግግር ነበር የጠበቅሁት።

«ንብረቱ ይቅር። ሰው ይጫን» አሉ።

እኔና እናቴ ልጆቹ መሐል ተጠጋግተን ተቀመጥን። ዓሣ ዓሣ እየሸተትን ደሴ ገባን። ደሴም ብዙ አልተቀመጥንም፤ ጦርነቱ ተከተለን፤ እኔና እናቴ አክስቴ ወዳለችበት ወደ ደቡብ ስንሄድ የጋሼ ሰይድ ቤተሰብ የት እንደገባ ሳናውቅ ተለያየን። በግርግሩ መሐል ሰላም እንኳ አልተባባልንም። ከዚያ ስልክ ጠፋ፤ ወሬ ጠፋ። ስልኬ በጠራ ቁጥር እንደ ጋሼ ሰይድ እኔም «ያ ረቢ» ማለት ለመድኩ።

አንባቢዎቼ፣ ከዚህ ምን ተማርሽ ካላችሁኝ ፈተና ላይ እንደምጽፈው አሳምሬ ልጽፍላችሁ አልችልም። ጨዋነት መጥፎ ነው ልል አልፈልግም። የጋሽ ተሾመ አነጋገር ከፍቅር የመጣ ነው፤ እሳቸውን ያሳደገ ሕዝብ ሐዘንተኛ ብቻውን እንዳይወድቅ ብሎ ያወጣው ሥርዓት ነው። ነገር ግን ያ ሥርዓት ሰው ለመሰብሰብ የሚሆን ጊዜ ሲኖር ነው የሚሠራው። ሥራ ቦታ ላይ፣ ያውም በተቆራረጠ መስመር፣ ባዶውን የተውነውን ቦታ የሚሰማን ሰው በራሱ ፍርሃት ይሞላዋል። ጋሽ ተሾመ ያልነገሩትን ነገር ጋሼ ሰይድ በእናታቸው ሞት ሞሉት። ሌላ ሹፌር ቢሆን በሌላ ነገር ይሞላው ነበር።

ሁለተኛው ነገር እምነት ነው። «ማንም አልሞተም» ማለትና «ስለ እናትዎ የሰማነው ነገር የለም» ማለት ለእኔ ያኔ አንድ ይመስሉኝ ነበር። አይደሉም። አንዱ ማባበያ ነው፤ ሌላው የማውቀውን ያህል ብቻ መናገር ነው። ጋሼ ሰይድ ያመኑኝ ንግግር ስለማጣፍጥ አልነበረም። ለመናገር የሚያስፈራኝን ነገር ቀድሜ ስለተናገርኩ ነው። ዛሬም ቡድን ስንሠራ ለጓደኞቼ «ይህ ክፍል አልተሠራም» ማለት ሲያስጨንቀኝ ያችን ጉብታ አስታውሳለሁ። አሁንም ሰውን ማስደሰት እወዳለሁ፤ ያ አልለቀቀኝም። ግን የከበደውን ነገር አስቀድማለሁ፤ ሰላምታውን ከዚያ በኋላ አሞቀዋለሁ።

መምህራችንን በሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ እጄን አውጥቼ ይህን በአጭሩ ነገርኩት። አዳመጠኝና «እና ሹፌሩ በሕይወት አሉ?» አለ። እናንተም ይህን ጥያቄ ይዛችሁ እንደሆነ አስባለሁ።

ጦርነቱ አካባቢያችንን ከለቀቀ በኋላ ወደ ሐይቅ ተመልሰን ቤታችንን ጠራርገናል፤ መብራት ገና ባይመጣም ስልክ መሥራት ጀምሮ ነበር። እናቴ ግቢ ውስጥ ልብስ ታሰጣለች። ስልኬ ጠራ። የጋሼ ሰይድ ቁጥር ነው። ከተለያየን ወዲህ ድምፃቸውን አልሰማሁም፤ እማማ ፋጡማ እንዴት እንደሆኑ፣ ልጆቹ የት እንዳሉ አላውቅም። ጣቴ ስልኩ ላይ ቀረ። እናቴ ፊቴን አይታ እርጥብ ልብሱን እንደያዘች ቆመች።

አነሳሁት።

«ሐያትየ፣ ማንም አልሞተም» አሉ ጋሼ ሰይድ። «ሥራ ሰኞ ይጀመራል፣ አንችም ተጠርተሻል፣ እኔም ተመልሻለሁ። ይኸው ነው ጉዳዩ።»

መሬት ላይ ተቀመጥኩ። አመንኳቸው።

«አሁን ሰላምታ» አሉ። «እንዴት ከረምሽ? እናትሽ እንዴት ናት? ቤታችሁ እንዴት ጠበቃችሁ? እናቴ እኔን የገደለችኝ ልጅ ደህና ናት ወይ ብላለች፤ ዘሃራ ከጅዳ ሰላም ብላሻለች፤ ፍየሏ ወልዳለች፤ ዝናቡስ እናንተ ዘንድ…» ሒሳባቸው እስኪያልቅ ድረስ ሰላም አሉኝ፤ እኔም እስኪቆረጥ ድረስ አንድ ጊዜ እንኳ አላቋረጥኳቸውም።

ማክሰኞ፣ የካቲት 8 ቀን 2014 ዓ.ም ነበር።